ያላዘነው ምንሽር

በሣልስቱ ጠዋት፣ ቢቸና፣ በሟቹ በአካለ ወልድ እልፍኝ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሴት ልጁ ማርያማዊት፣ ወንድሟ ይታያል፣ እንዲሁም የሟቹ የረጅም ዘመን ወዳጆች የቢቸናው ፋንታና የሞጣው እንድሪስ። ደጅ ድንኳኑ ውስጥ የእድር ሴቶች ንፍሮ እየዘገኑ ያድላሉ። እልፍኝ ያሉት አራቱ ግን ቆመው ግድግዳውን ያያሉ፤ ቁጭ በሉ የሚል አንድ ሰው አልተገኘም።

ግድግዳው ላይ አራት ጠመንጃዎች በየኩላባቸው ተንጠልጥለዋል። ሦስቱ እንደ ወጉ ተዘቅዝቀው አፈሙዛቸውን ወደ መሬት ደፍተዋል። አራተኛው፣ ምንሽሩ፣ አፈሙዙን ወደ ጣሪያው አድርጎ ቀጥ ብሏል።

«ማነው ያዞረው?» አለ ይታያል።

በአገሩ ልማድ ባለቤቱ የሞተበት ጠመንጃ እስከ አርባው ቀን ተዘቅዝቆ ይሰቀላል። ሐዘንተኛ ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደምትለብስ ሁሉ፣ መሣሪያም ለጌታው ያዝናል ይባላል። ከቀብር መልስ አራቱንም በገዛ እጃቸው የዘቀዘቁት ፋንታና እንድሪስ ነበሩ። በማግስቱ ጠዋት ምንሽሩ ተገልብጦ ተገኘ። ማርያማዊት አንዱ ለቀስተኛ ነክቶት ይሆናል ብላ መለሰችው። ዛሬ ደግሞ ይኸው።

«ሰደፉ ከባድ ነው» አለ እንድሪስ ቀስ ብሎ። «ማንገቻውም አርጅቷል። ሰደፉ ወደ ታች ስቦት ነው።»

«የእኔም ናስማስር ሰደፉ ከባድ ነው» አለ ፋንታ። «ግን ተነሥቶ ሲገለበጥ አላየሁትም።»

«የአንተማ እንኳን ሊገለበጥ ተኩስ ሲሉትም አይሰማ።»

ፋንታ ሊስቅ አፉን ከፈተና የማን ቤት እንደሆነ ትዝ ሲለው በጋቢው ሸፈነው። ከዚያ ምንሽሩን ከኩላቡ አውርዶ መልሶ ዘቀዘቀው። እጁን ከጠመንጃው ሲያላቅቅ ግን አፍንጫው ጋ ወስዶ አሸተተ።

ማርያማዊትም ሽታው ደርሷት ነበር። የጉሎ ዘይት ነው። አባቷ ጠመንጃዎቹን የሚወለውለው ከጋራዥ በሚያመጣው የሞተር ዘይት ነበር፤ እሷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ በዚህ ቤት የጉሎ ዘይት ገብቶ አያውቅም። ከቀብሩ ማግስት ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት እልፍኙ ሲከፈት ሽታው ይቀበላታል። ረፋዱ ላይ ሰው ሲበዛ ይጠፋል።

ስለ ቀብሩ ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታ አልጠፋም ነበር። ዘመኑ አንዲት ጥይት ብትጮህ ሦስት ቀበሌ የሚደነግጥበት ነውና፣ ሽማግሎቹ በዝምታ እንሸኘው ብለው ነበር። ሰባ ስድስት ዓመት የኖረ፣ ግማሹን ዕድሜ ከጠመንጃ ጋር ያሳለፈ ሰው ያለ አንዲት ተኩስ አፈር ገባ። ምንሽሩ የተገለበጠው ሳይተኮስለት ስለቀረ ነው ያሉ ነበሩ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ሟች ያልጨረሰው ነገር አለ አሉና ንፍሯቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ዳር ራቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምንሽሩ ሥር የሚቀመጥ ለቀስተኛ ጠፋ። ሌላው ቦታ ትከሻ ለትከሻ ሲጣበብ የዚያ መደብ አጎዛ ባዶውን ይውላል።

አካለ ወልድ ወታደርም አዳኝም አልነበረም፤ አናጢ ነበር። ጠመንጃን የወደደው በእንጨቱ በኩል ነው። ሰደፍ የተሰበረበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም ወይራውን ቀርጾ፣ አለስልሶ፣ ጉንጩን እያስደገፈ ይለካዋል። አንዳንዱ ባለቤት ሳይመለስ ይቀራል፤ አንዳንዱ ይለውጠዋል። እንዲህ እያለ ግድግዳው ሞላ። አልቤኑን «ሽማግሌው» ይለዋል፣ ቶሎ ስለማይቆጣ። ውጅግራዋ «አራሷ» ናት፤ አንዴ ከተኮሰች ረጅም ዕረፍት ትፈልጋለች። የሚያብረቀርቀው ቤልጅግ «ሙሽራው» ነው። ምንሽሩ ብቻ ስም አልነበረውም። ሰው ሲጠይቀው «ገና ነው» ይል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ገና ነበር።

በየዓመቱ በዳግማይ ትንሣኤ ሦስቱ ወዳጆች እዚህ እልፍኝ ይሰበሰባሉ። እንድሪስ ከሞጣ ሲመጣ በጉን ራሱ ያርዳል፤ ለእሱ ለብቻው ድስት ይጣዳል። ከተበላ በኋላ ነጭ ቡሉኮ መሬት ላይ ይነጠፍና እያንዳንዱ ጠመንጃውን አጋድሞ ይናገርለታል፤ ከየት መጣ፣ ማን ታጠቀው፣ ምን ያህል ይርቃል። ሕጋቸው አንድ ነበር። ጠመንጃውን የሚያመሰግን ሰው መጀመሪያ ነውሩን ይናገራል። ነውሩን ሳይናገር ያመሰገነ አፉን እንዲዘጋ ይደረጋል። ፋንታ ናስማስሩ ዝናብ ሲመታው ቀለህ እንደሚነክስ አምኖ ነው ኩራቱን የሚጀምረው። እንድሪስም የለበን ጠመንጃው አፈሙዝ በትንሹ ወደ ግራ እንደሚያደላ በየዓመቱ ይናዘዛል። እየተሳሳቁ፣ እየተጎሻሸሙ፣ አንዱ የሌላውን ጠመንጃ ብድግ አድርጎ በዓይኑ እያለመ ይመሻል።

የምንሽሩ ተራ ሲደርስ ግን አካለ ወልድ «ነውር የለውም» ይል ነበር። ሁለቱም አይተው አይተው ነውር ያጡበታል። ማርያማዊት ጠላ እየቀዳች ስትሰማ አንገቷን ትደፋ ነበር።

በሣልስቱ ከሰዓት በኋላ ይታያል እህቱን ወደ ጓዳ ጠራት። ባሕር ዳር የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ነገር በዓይኑ ካላየ አያምንም።

«አንቺ ነሽ የምታዞሪው?»

«እኔ ምን በወጣኝ።»

«አባባን ስታስታምሚ ደክሞሻል። ሳታውቂው ይሆናል።»

ምን ብላ ትንገረው? አባታቸው በመጨረሻው ዓመት በየጠዋቱ «ጠመንጃውን አዙሪው» ይላት ነበር። ያኔ ምንሽሩ እንደ ሌሎቹ ወደ በሩ አግድም ነበር የሚሰቀለው። ጠዋት ሲነጋ ግን አፈሙዙ ወደ አባቷ አልጋ ዞሮ ይገኛል። አባቷ እሷን ይጠረጥራል፤ እሷም እሱን። ከዚያ እግሮቹ ከዱት፤ ሰው ካልደገፈው ከአልጋ መውረድ አቃተው። ምንሽሩ መዞሩን አላቆመም። አባቷ ከዚያ ወዲህ እሷን መጠርጠር ትቶ ነበር። «ያየኛል» ይል ነበር ብቻ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ይታያል የሸራ ገመድ አመጣና ምንሽሩን እንደተዘቀዘቀ ከኩላቡ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ቋጠሮው ጭነት የሚታሰርበት ነው፤ ከነጂና ከረዳት በቀር የሚፈታው የለም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አብረው እልፍኙን ከፈቱት። የጉሎ ዘይቱ ሽታ ቀደማቸው። ገመዱ እንደታሰረ ነው፤ ቋጠሮው አልተነካም። ምንሽሩ በገመዱ ውስጥ አፈሙዙን ወደ ጣሪያው አድርጎ ቀጥ ብሏል። ከአፈሙዙም ጫፍ ቀጭን የዘይት ጠብታ ወርዶ ብረቱን ታክኮ ደርቋል።

ይታያል ቋጠሮውን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ በኋላ እህቱን አልጠየቃትም።

ፋንታ ግን ወሬውን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «የኮራ ነው» አለ። «ሞትንም አይቀበልም። እንዲህ ያለ መሣሪያ በዘመን አንድ ጊዜ ነው የሚገኝ።» ከሦስቱ አንዱ ሲሞት፣ የቀሩት በሰባቱ ቀን ከሟቹ ግድግዳ አንዳንድ ጠመንጃ መርጠው ለመታሰቢያ ሊወስዱ ቃል ተገባብተው ነበር። ፋንታ የሚመርጠውን ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት መርጦ ጨርሷል። ይታያልም ይውሰደው ብሏል፤ እንዲያውም ቶሎ ይውሰደው።

ማርያማዊት ግን እንቅልፍ አጣች። ምንሽሩ ፋንታ ግድግዳ ላይ ከዋለ ነገሩ ለዘላለም ተዘጋ ማለት ነው። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ አባቷ በሰባተኛ ቀኑ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ በራሷ አፍ አደራ በላ ሊባል ነው።

ምንሽሩ የሣህለ ማርያም ነበር። ሣህለ ማርያም ከሞጣ ወዲህ ያለ ገበሬ፣ የአባቷ ወዳጅ ነበር። ሲሞት ሚስቱ ወለተ ሐና ምንሽሩን በባሏ ጋቢ ጠቅልላ ቢቸና ድረስ አመጣችው፤ የባሏ ወንድሞች በለቅሶው ላይ ዓይናቸውን ጥለውበት ነበርና። «የልጄ ትከሻ እስኪጠና አደራ» አለች። አካለ ወልድም በማርያም ስም ተቀበላት። ሊሰርቃት አላሰበም። ግን ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ፤ ወዳጆቹ መጡ፤ ምንሽሩን ግድግዳ ላይ አዩት። ፋንታ ተንበርክኮ እንጨቱን ሳመው። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ከየት አገኘኸው?» አለ። አካለ ወልድ ያን ቀን ዝም አለ። ፈገግ ብሎ ዝም አለ። በሚቀጥለው ዓመት የሰው ነው ለማለት አፈረ፤ በሦስተኛው ዓመት የራሱ ሆነ።

የሣህለ ማርያም ልጅ ፍቅረ ሥላሴ በአሥራ ሰባት ዓመቱ መጣ። አጎቶቹ የእርሻውን ድንበር እየገፉ ነበር፤ የአባቱን መሣሪያ ይዞ ድንበሩ ላይ ቢቆም እንደሚያፍሩለት ያምናል። አካለ ወልድ ከመስኮት ሲያየው ምንሽሩን አውርዶ መደቡ ላይ ከሰሌኑ ሥር አስገባና አጎዛውን አለበሰው። የአሥራ ሁለት ዓመቷን ማርያማዊትን በላዩ አስቀመጣት።

«መሣሪያ አስረክቡ የተባለ ጊዜ ተወሰደብኝ፣ ልጄ» አለው።

ልጁ ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አዎ» አለች። «ሲወስዱት አይቻለሁ።»

ብረቱ ከአጎዛው ሥር ጭኗን ይቆረቁራት ነበር። ልጁ የቀረበለትን ጠላ ሳይቀምስ ቆመ። አንዴ በአፍንጫው ሳብ አደረገ፣ አጎዛውን አየ፣ ወጣ። ድንበሩ ተገፋ። በዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደና እዚያው ወባ በላው። እናቱ ቆብ ደፍታ ሞጣ ገባች።

በስድስተኛው ቀን ማርያማዊት እንድሪስን በአባቷ የሥራ ቤት ደጃፍ፣ ግማሽ ከተላጉ ጣውላዎች አጠገብ ለብቻው ቆሞ አገኘችው።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ምንሽሩ የማን እንደነበረ ያውቃሉ?»

እንድሪስ ከጣውላው ላይ ፍቅፋቂውን በእጁ ጠረገ። ሲጨርስ መልሶ ጠረገው።

«ማንገቻውን የሸጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ለሣህለ ማርያም። ቀይ ቆዳ፣ ሁለት ዘለበት ያለው። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አባትሽ ነገ ራሱ ይናገራል አልኩ። ከዚያ ነገው በዛ።» ፍቅፋቂውን ከእጁ አራገፈ። «እማሆይ ወለተ ሐና ሞጣ በሱቄ ፊት ያልፋሉ። ሰላምታ ሲሰጡኝ ዓይኔን የምሸጠው ጨርቅ ላይ እተክላለሁ።»

«ነገ ያምጡልኝ።»

«አባትሽን በለቅሶው ልታዋርጂው?»

«እኔንም ጭምር» አለች።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለ እንድሪስ፣ ለራሱ እንደሚነግር ሁሉ፤ ጃንጥላውን አንሥቶ በግንደወይን በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ሊፈልግ ወጣ።

በሰባቱ ቀን ቀትር ሲሆን እልፍኙ በሰው ሞልቷል። ከምንሽሩ ሥር ያለው መደብ ብቻ ባዶ ነው። ጠዋት ፋንታ ራሱ ዘቅዝቆት ነበር፤ አሁን ሰው ሁሉ እያየ፣ ማንም ሳይነካው፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ነው። መቼ እንደዞረ የተናገረ የለም። ሁሉም ወደ ሌላ ቦታ ማየትን መርጧል።

እንድሪስ ደርሶ በበሩ ገባ። ከኋላው ቢጫ ቆብ የደፉ፣ መቋሚያ የያዙ ቀጭን መነኩሲት ነበሩ። ማን ናቸው ያለ አልነበረም፤ መነኩሲት ለለቅሶ መምጣት የተለመደ ነው። እንግዳዋ ቦታ ሲያጡ ሄደው ያ ባዶ መደብ ላይ ተቀመጡ። አጠገቡ ያሉት ሸሸት አሉ። እሳቸው ቀና ብለው አላዩም። አፍንጫቸውን ብቻ አንዴ ሳብ አደረጉ።

ፋንታ ተነሥቶ ጋቢውን አመቻቸ። የሟቹን ደግነት፣ የእጁን ጥበብ ተናገረ፤ ቃላቸውንም ለሕዝቡ አስረዳ። ከዚያ ወደ ምንሽሩ እጁን ዘረጋ።

«እንደ ሕጋችን ሳመሰግን ነውሩን ላስቀድም ይገባኝ ነበር» አለ። «ነገር ግን ወዳጄ ነውር የለውም ይል ነበር፤ እኔም አላገኘሁበትም።»

«አለው፣ አያ ፋንታ» አለች ማርያማዊት።

ከሴቶቹ መካከል ቆማለች።

«ነውሩን እኔ ልናገር። የአባቴ አይደለም። የሣህለ ማርያም ነው። አባቴ ለሙት ልጅ አደራ ተቀብሎ ነበር፤ ልጁ ሲመጣ ተወስዷል አለው። እኔም ሲወስዱት አይቻለሁ አልኩ። እላዩ ላይ ተቀምጬ።»

«ማርያማዊት!» አለ ይታያል። «ሰው ፊት?»

«ልጁንም ፊት ለፊት ነው የዋሸነው። እሱ ሰው አልነበረም?»

ፋንታ እጁ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ወደ እንድሪስ ዞረ፤ እንድሪስ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ፋንታ የሳመው እንጨት፣ ሃያ ሰባት ዓመት የተመኘው ሁሉ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ ታየ። እጁን ሰብስቦ ጋቢው ውስጥ ከተተውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ማርያማዊት ሰውን አልፋ መነኩሲቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማሆይ፣ እነሆ ጠመንጃዎ። ልጅዎን ግን ልመልስልዎ አልችልም።»

እማሆይ ወለተ ሐና ሁለት እጃቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ከአጎዛው ዳር ያለውን ሰሌን ያዩ ነበር።

«የት ነበር የተቀመጥሽው?» አሉ።

«እርስዎ አሁን የተቀመጡበት።»

አጎዛውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ባሌ በጉሎ ዘይት ነበር የሚያሸው። ሌላ ዘይት አይወድለትም። ልጄ ያን ቀን ሲመለስ፣ እማ፣ ቤቱ የአባቴን ዘይት ይሸታል አለኝ። ያውቅ ነበር።» ዓይናቸውን ወደ እሷ አነሡ። «ልጅቱ አልቅሳ ነበር አለኝ ደግሞ። እሷን አትርገሚያት አለኝ።»

ማርያማዊት ማልቀሷን አታስታውስም ነበር። አሁን ግን አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ ያልወጣላት እንባ ነበር።

«አውርጄ ልስጥዎት?» አለ ይታያል ከኋላ።

«ማውረድስ ቆይ» አሉ እማሆይ። «ወንበር አምጣልኝ፣ ልጄ።»

ይታያል በርጩማ አመጣና በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘላቸው። እማሆይ መቋሚያቸውን ለማርያማዊት ሰጥተው ወጡ። ቁመታቸው ከኩላቡ ጋር ሲስተካከል ምንሽሩን በአፈሙዙ ያዙት፤ ብረቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ለልጅ እንደሚናገር ሰው ዝግ ብለው፣ ቤቱ ሁሉ ግን እየሰማ፣ እዚህ ቤት ተነግሮ የማያውቅ ስም ጠሩ።

«መከታ» አሉት። «በቃ። ልጄን ጠብቀኸዋል። አሁን ለዚህም ሰው እዘን።»

አፈሙዙን በቀስታ ወደ መሬት ዘቀዘቁት፣ ማንገቻውን ኩላቡ ላይ አስተካከሉት፣ እጃቸውን ለቀቁ።

በማግስቱ ጠዋት ማርያማዊት እልፍኙን ስትከፍት ምንም አልሸተታትም። ምንሽሩ እስከ አርባው ቀን አፈሙዙን ደፍቶ ተሰቅሎ ቆየ። በአርባ አንደኛው ቀን በጋቢ ጠቅልላ ሞጣ ወሰደችው።